መጽሐፍ በእግሩ ሲመጣ

የአዲስ አበባ የመጽሐፍ ታሪክ ሲነገር ስማቸው የሚነሣው ሰፈሮች አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ለገሃርና መርካቶ ናቸው፤ ማተሚያ ቤቶቹም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎቹም በእነዚሁ ዙሪያ ተሰባስበው ኖረዋልና። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ሕዝቡ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ከከተማዋ እምብርት አልራቀም፤ ያገለገለ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እግሩ የሚመራው ወደ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም ወደ መርካቶ ነው። ቦሌና ከእሱ በስተምሥራቅ የተዘረጉት ገርጂ፣ መገናኛ፣ ሲኤምሲ፣ አያትና ኮተቤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም ስፍራ አልተሰጣቸውም፤ ቦሌ ሲባል ትዝ የሚለው አውሮፕላን ማረፊያው፣ መስታወት የለበሰው ሕንፃ፣ ካፌውና ሆቴሉ ነው። ይሁንና በዚያ አካባቢ ያደገና የጎለመሰ አንባቢ ትዝታ ሲመረመር መጽሐፍ የጠፋበት ዘመን አይገኝም፤ የሚገኘው ሌላ ዓይነት ልማድ ነው፤ በሌሎቹ ሰፈሮች አንባቢው ወደ መጽሐፉ ሲሄድ፣ በምሥራቁ ግን መጽሐፉ ራሱ በሰው ክንድ፣ በሬዲዮ ሞገድ፣ በሻንጣና በመጠቅለያ ወረቀት እየሆነ ወደ አንባቢው ሲመጣ ኖሯል።

ምክንያቱ ከሰፈሩ አመሠራረት ጋር የተያያዘ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረበት ከ1950ዎቹ ወዲህ አካባቢው ያደገው በመንገዱ ግራና ቀኝ በተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ነው፤ ገበያ የተከተለው ዘግይቶ፣ የመጽሐፍ መደብር የተከተለው ደግሞ ከገበያውም ዘግይቶ ነው። ከዚህ የሚለየው ኮተቤ ነበር፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ የተከፈተውና እነ መንግሥቱ ለማ የተማሩበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዚያ ዳርቻ ቀደም ብሎ የንባብ ጭላንጭል ሰጥቶታል፤ ነገር ግን የአዳሪ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ከግቢው አጥር ወጥቶ በሰፈር አይዞርም። የቀረው ነዋሪ ልብ ወለድ ሲያምረው አንበሳ አውቶቡስ ጠብቆ ወደ መሀል ከተማ መሄድ፣ አለዚያም ጎረቤት ማን ምን እንዳለው ማጠያየቅ ነበረበት።

በደርግ ዘመን ይህን ድካም ያቀለለው የመጽሐፍ ኪራይ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ከሚሸጥባቸው በየትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ካሉ ትንንሽ ሱቆች አንዳንዶቹ አንድ መደርደሪያ ለኪራይ መጻሕፍት ይመድቡ ነበር፤ ተከራዩ ማስያዣ፣ ማለትም መጽሐፉ ቢጠፋ ባለሱቁ የሚያስቀረውን ገንዘብ ወይም መታወቂያ፣ ሰጥቶ በቀን በሚታሰብ የሳንቲም ሂሳብ ይወስዳል። ሂሳቡ በቀን መሆኑ የአነባበቡን ጠባይ ወሰነው። የአንድ ቀን ኪራይ የከፈለ ተማሪ መጽሐፉን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ምሽት ያነብና ለእኅቱ ወይም ለጓደኛው ያስተላልፋል፤ እሷ ደግሞ ሌሊቱን በሻማ ወይም በመንገድ መብራት ጨርሳ ጠዋት ትመልሳለች። ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸው የስለላ ታሪኮች፣ የአጋታ ክሪስቲና የጀምስ ሃድሊ ቼዝ የወንጀል ልብ ወለዶች በዚህ መንገድ ሰፈር ለሰፈር ዞረዋል። በኪራይ የኖረ መጽሐፍ በመልኩ ይታወቅ ነበር፦ የፊት ሽፋኑ ከወደቀ ቆይቶ በምትኩ የካርቶን ቁራጭ በሲባጎ ተሰፍቶበታል፣ የገጾቹ ማእዘን በጣት ወዝ ጠቁሯል፣ በኅዳጉ ላይ ቀድሞ ያነበበው ሰው ገዳዩ ማን እንደሆነ በእስክሪብቶ ጽፎ የተከታዩን ደስታ አበላሽቷል። የከፋው ደግሞ የመጨረሻዎቹ ገጾች የተገነጠሉበት ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የደረሰው ሰው ፍጻሜውን ለማወቅ ካነበቡት አንዱን መፈለግ ነበረበት፣ የሚነገረው ፍጻሜ ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ ደራሲው ያላሰበው ስንት አሟሟት በዚህ ምክንያት እንደተፈጠረ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ ዘመን ንባብ ሁሉ በድብቅ የተነበበውን ያህል በጥልቀት የተነበበ የለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ለገበያ በቀረበ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመደብሮች ተሰበሰበ፤ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገው ይህ ልብ ወለድ ባለሥልጣኖቹን አስቆጥቶ ነበርና፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ከመሰብሰብ ያመለጡት ቅጂዎች ግን በጋዜጣ እየተሸፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ፣ ብዙ ባለሥልጣንና ብዙ ወታደር በሚኖርባቸው የምሥራቅ ሰፈሮችም ጭምር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር የታተመው በ2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ በጋዜጣ ሸፍነው ያነበቡት ሰዎች የልጅ ልጅ አይተዋል።

ኪራይ ያልደረሰበት ቤት ሬዲዮ ደርሷል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው «ከመጻሕፍት ዓለም» የተሰኘው ዝግጅት ልብ ወለዶችን በተከታታይ ክፍሎች በድምፅ የሚያቀርብ ነበር፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ዝግጅት ሲያነበው መጽሐፉ ሁለተኛ ልደት አገኘ ለማለት ይቻላል። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ገዝቶ የማያነበውን፣ ቢገዛም የቤቱ አንድ ሰው ብቻ የሚጨርሰውን መጽሐፍ አያትም የልጅ ልጅም የቤት ሠራተኛም ባንድነት ሰሙት። ወጋየሁ ለፊታውራሪ መሸሻ አንድ ድምፅ፣ ለጉዱ ካሳ ሌላ፣ ለበዛብህ ሌላ ሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በዓይኑ የሚያነብ ሰው እንኳ የሚሰማው የእሱን ድምፅ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቤአለሁ» ከሚሉት መካከል የሰሙት ከአነበቡት ሊበልጡ እንደሚችሉ የሚያሾፉ አሉ፤ ይህ ግን የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ መጽሐፍ ሲነበብለት ማዳመጥ በቤተ ክህነቱም በሸንጎውም የኖረ የአገሩ ልማድ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኅትመት ሲፈቀድና ቦሌም በካፌና በሕንፃ ሲሞላ ብቅ ያለው ሰው መጽሐፍ አዟሪው ነው። አዟሪ ሸቀጡን በሱቅ ሳያስቀምጥ ተሸክሞ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ሎተሪ አዟሪም፣ ካልሲ አዟሪም አለ፣ የመጽሐፉ አዟሪ ግን ከሁሉም ከባዱን ጭነት የያዘው ነው። ግራ እጁን ከወገቡ በታች ዘርግቶ መጻሕፍቱን በመዳፉ ላይ ይጀምርና ጀርባቸውን፣ ርእሱ የተጻፈበትን ጠባብ ጎን፣ ወደ ውጭ አድርጎ እስከ አገጩ ይደረድራቸዋል፤ የላይኛውን በአገጩ ይጫነዋል፣ ቀኝ እጁን ለገበያው ነጻ ያደርጋል። አደራደሩ የዘፈቀደ አይደለም። ከታች የሚሆኑት ወፍራሞቹና ሁልጊዜ የሚጠየቁት፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የመሰሉት ናቸው፤ መሀሉ ላይ የታሪክና የፖለቲካ ማስታወሻዎች፣ የቀድሞ ባለሥልጣናት ሕይወታቸውን የጻፉባቸው፤ ከላይ ደግሞ የሳምንቱ አዲስ መጽሐፍና ስለ ሀብትና ስለ ስኬት የሚሰብኩ ትርጉሞች ይቀመጣሉ። ደንበኛው ከመሀል አንዱን ሲጠይቅ አዟሪው ቁልሉን ሳያፈርስ በሁለት ጣቱ መዝዞ ያወጣዋል፤ ይህን ያየ ሰው ዘዴውን ለመማር ስንት መጽሐፍ አስፋልት ላይ እንደተበተነ ይጠይቃል።

አዟሪው ከጠዋት ጀምሮ ከኦሎምፒያ እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ ከዚያም በሃያ ሁለት አድርጎ እስከ መገናኛ በእግሩ ይጓዛል። መጻሕፍቱን ብዙውን ጊዜ ከአከፋፋይ በዱቤ ይወስዳል፣ ያልተሸጠውን ይመልሳል፤ ስለዚህ ትርፉ በእግሩ ጥንካሬና የሰውን ፊት በማንበብ ችሎታው ላይ የተመሠረተ ነው። መነጽር ላደረጉ አዛውንት የቀድሞውን ዘመን ትዝታ፣ ለወጣት ጥንዶች የግጥም መድበል፣ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ሥነ ልቦና ያቀርባል፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። በር ላይ የሚያባርረው ጥበቃም አለ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አስተናጋጅም አለ። ክርክሩ የታወቀ ነው፦ በጀርባ ሽፋኑ ላይ የታተመው ዋጋ ይታያል፣ ገዢው ይቀንስ ዘንድ ይጠይቃል፣ አዟሪው ወረቀት መወደዱን ያነሣል፣ ገዢው ቡናውን ይጠጣል፣ አዟሪው ሁለት ጠረጴዛ ሄዶ ይመለሳል። ያልያዘውን መጽሐፍ የተጠየቀ እንደሆነ «ነገ አመጣልዎታለሁ» ይላል፣ ያመጣልም። ከሚሸጠው አብዛኛውን ሳያነብ የመጽሐፉን ይዘት፣ የደራሲውን ጠብና የሕትመቱን ቁጥር በሚገባ የሚያውቅ እንዲህ ያለ ሰው ከመደብር ሠራተኞች መካከል ማግኘት ይከብዳል። ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ባወጣበት ሰሞን መጽሐፉ በመላ ከተማዋ የተዳረሰው ከማስታወቂያ ይልቅ በእነዚህ ክንዶች ነበር፤ ያለፈቃድ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ቅጂም በዚያው ክንድ ላይ አብሮ መሄዱ የማይካድ የሥራው ጥላ ነው፣ ደራሲዎችም ስለዚህ በምሬት መናገራቸው ትክክል ነው።

ሌላው ደስታ ሸራው ነበር። በመገናኛ የታክሲ ተራ ዙሪያና በየድልድዩ ሥር ሸራ ተዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ይደረደሩ ነበር፤ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሰልፉን ሳይለቅ አንገቱን አዘንብሎ ርእስ ያነብ ነበር። በዚህ ሸራ ላይ ለተመልካች የሚያስገርሙ ነገሮች ይገኙ ነበር። አንደኛው በሞስኮ ፕሮግሬስ የተባለው የሶቪየት አሳታሚ በአማርኛ ያተማቸው መጻሕፍት ናቸው፤ ወረቀታቸው ጥሩ፣ ጥረዛቸው ጠንካራ፣ የፊደላቸው ቅርፅ ከአዲስ አበባው ጥቂት ለየት ያለ፣ ሐሳባቸው ግን ጊዜ ያለፈበት ሆኖ፣ ባንድ ወቅት በውይይት ክበብ በግዴታ የተነበበው የሌኒን ጽሑፍ ከምግብ አሠራር መጽሐፍ ጎን ይተኛል። ሁለተኛው በቀድሞ ኅትመቶች መጨረሻ ላይ የሚገኘው የእርማት ገጽ ነው፤ ይህም መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የተገኙ የፊደል ስሕተቶች በገጽና በመስመር ተዘርዝረው ትክክለኛው የሚሰጥበት ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ትጉህ አንባቢዎች መጽሐፉን ከመጀመራቸው በፊት ሰንጠረዡን ተከትለው እያንዳንዱን ስሕተት በእስክሪብቶ ያርሙ ነበር። እንዲህ የታረመ ቅጂ ሸራ ላይ ሲገኝ የቀድሞው ባለቤት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይታወቃል፤ ምናልባት መምህር፣ ምናልባት የመዝገብ ቤት ሹም። ሦስተኛው በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የሚጻፈው የስጦታ ቃል ነው፦ ለልደት፣ ለምረቃ፣ «ለማይረሳ ፍቅራችን» ተብሎ ቀን የተጻፈበት መጽሐፍ እንዴት ሸራ ላይ እንደወደቀ ገዢው ሁሉ ያሰላስላል፤ አንዳንዱ ዋጋ የሚከፍለው ለመጽሐፉ ሳይሆን ለዚህ ገጽ ነው።

ወደ ሸራው ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ያገለገለ ዕቃ ሰብሳቢ ነው። ከጠርሙስና ከቆርቆሮ ጋር ጋዜጣና መጽሐፍም በኪሎ ይገዛል፤ ጥሩውን ለመጽሐፍ ነጋዴ ይለያል፣ የቀረው ለባለሱቅና ለቆሎ ሻጭ መጠቅለያ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ የገዛ ልጅ እንደ ቀንድ የተጠቀለለውን ወረቀት ፈትቶ የሚያነብበት ልማድ ነበረው፤ ግማሽ ገጽ የጂኦግራፊ መልመጃ፣ የማይታወቅ ልብ ወለድ የመሀል ገጽ፣ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ከመሀል ተጀምሮ ከመሀል የሚቆም፣ ርእስና ደራሲ የሌለው ንባብ ነው፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ የዚያችን ገጽ መጽሐፍ ይፈልጋል። የወረቀት ዕጣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደበት ምሳሌም አለ፦ ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ታላቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ሲሆን፣ ቁርጥራጮቹ ከእስር ቤቱ ተደብቀው ወጥተው በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትመዋል። መጽሐፍ የቆሎ መጠቅለያ በሚሆንበት ከተማ የሲጋራ መጠቅለያ መጽሐፍ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ቁራጭ ወረቀት አይንቅም።

በቤት ውስጥ የመጽሐፍ ክብር ስፍራ ቡፌው ነበር። ቡፌ በሳሎን የሚቆም፣ ላዩ የመስታወት በር ያለው ትልቅ ቁምሳጥን ነው፤ የሠርግ ብርጭቆው፣ የሻይ ስኒውና የቤተሰቡ ወፍራም መጻሕፍት ባንድነት ይቀመጡበታል፣ ቁልፉም በእናት እጅ ነው። ልጆች ርእሶቹን በመስታወት ውስጥ እያነበቡ አደጉ፤ ለመክፈት ምክንያት ያስፈልግ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወደ ሳሚት፣ ጎሮና ቦሌ አራብሳ ሲስፋፋ ቡፌው በጠባቡ ደረጃ አልወጣ አለ። ብርጭቆው ለኩሽና ተረፈ፣ መጽሐፉ ግን ካርቶን ገብቶ በአልጋ ሥር ዋለ፣ ከዓመታት በኋላም ለቆራሌው ተሰጠ። የምሥራቅ አዲስ አበባ ሸራዎች በዚያ ጊዜ ለምን እንደሞሉ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስልም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የቦሌንና የመገናኛን የእግረኛ መንገድ አስፍቶና አሳምሮ ሸራውን ግን አስነሥቷል፤ አዟሪውም ብዛቱ ቀንሶ የቀረው በቴሌግራም ሽፋን ለጥፎ፣ ትእዛዝ ተቀብሎ በሞተር የሚልክ ሆኗል። ከክንድ ወደ ስልክ የተዛወረው ሥራ በመሠረቱ ያው ነው፣ ደንበኛው አሁንም ከተቀመጠበት አይነሣም፤ የጠፋው ያልፈለጉትን መጽሐፍ በድንገት ማየት ነው፣ ለመጽሐፍ ወዳጅ ደግሞ ይህ ትንሽ ኪሳራ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ብዙ የምሥራቅ ወጣቶችን እየሳበ ነው፤ እነሱም እንደ አያቶቻቸው መጽሐፍ ፍለጋ ወደዚያው አቅጣጫ ይሳፈራሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት ሰፈር ግን የመጽሐፍ ጉዞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድና የትምህርት መጽሐፍ ያመጣል፤ ሲመለስ አማርኛ ይዞ ይሄዳል። አዳም ረታ የሚኖረው በካናዳ፣ የሚያሳትመው በአዲስ አበባ፣ የሚነበበው በሁለቱም በኩል ነው፤ እንደ «ግራጫ ቃጭሎች» ወይም እንደ «መረቅ» ያለ ወፍራም መጽሐፍ ወደ ቶሮንቶና ወደ ዋሽንግተን የሚደርሰው በአብዛኛው በሰው ሻንጣ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ ከሚፈቀዱት ሁለት ሻንጣዎች የእያንዳንዱ ክብደት ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ስለተወሰነ፣ በጉዞው ዋዜማ በቦሌ ቤቶች በሚዛን ፊት የሚደረግ ክርክር አለ፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹና የሕፃኑ የአገር ልብስ ተራቸውን ከያዙ በኋላ መጻሕፍቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ መንገደኛውም ሁለቱን መልሶ በልብሶቹ መሀል ይሸጉጣል፣ እናት ታወጣቸዋለች። በመጨረሻ አንዱ በእጅ ቦርሳ እንዲሄድ ስምምነት ይደረሳል፤ መንገደኛው እሱን አውሮፕላኑ ገና እንደተነሣ ይጀምረዋል፣ ቀሪዎቹ ደግሞ የሚቀጥለውን ተጓዥ ይጠብቃሉ።